አልላላ ያለው ሱሪ

ሰኞ ማታ

ሐኪሟ «የምትበላውንና የምትሄደውን ጻፍ» ብላ ይህን ደብተር አስገዛችኝ። እኔ ግን ብዕር ከያዝኩ በላሁ፣ ሄድኩ ብዬ የማቆም ሰው አይደለሁም። አፌ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ እጄም የእሱ ወንድም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታናሽ እህቴ ኩላሊቶች እምቢ ካሉ ሰነባብተዋል። በየሳምንቱ እጥበት ትገባለች፤ ስትወጣ ተጨምቆ እንደተሰጣ ጨርቅ ሆና ነው። ዘመድ ሁሉ ተመርምሮ የገጠመላት የእኔ ኩላሊት ብቻ ሆነ። ያን ቀን ከደስታዬ ብዛት ሐኪሟን ልስማት ምንም አልቀረኝም ነበር። ዛሬ ግን ሚዛን ላይ አወጣችኝ፣ ግፊቴን ለካች፣ ደግማ ለካች፣ መነጽሯን አወለቀች።

«በዚህ ክብደትና በዚህ ግፊት ቢላ አላስነካህም» አለች። «እሷን ላድን ብዬ አንተን ልግደል? ዝናቡ ሲያበቃ ተመለስ። እስከዚያ ጨው ቀንስ፣ በየቀኑ በእግርህ ሂድ።»

«መሄድ ብቻ? መድኃኒት የለውም?»

«መጀመሪያ ሂድ።»

«ዝናቡ አብቅቶ ባልከሳስ?»

«ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አለች። ሌላ ሰው እንደሌለ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜ ልኬን እንጀራዬን የበላሁት ቁጭ ብዬ ነው። የስፌት መኪና ፔዳል መርገጥ እንደ መንገድ ቢቆጠርልኝ ዓለምን ዞሬ ጨርሼ ነበር። ባለቤቴም ከጎኔ ተቀምጣ ትዘመዝማለች፣ ቁልፍ ትተክላለች። ግራ እጇን ስለሆነ የምትጠቀመው ስፌቷ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ጥንካሬው ግን ጉድ ነው። ሐኪሟ ያለችውን ስነግራት ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «እግዜር ያለው ይሆናል» አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም። ደክሟት ይሆናል።

ማክሰኞ

ሄድኩ! እስከ ዳቦ ቤቱ ደርሼ እንደ ካውያ እንፋሎት እየተፋሁ ተመለስኩ። ጎረቤቴ ጸጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ማን አሳደደህ?»

«ማንም። ለጤና ነው።»

«ለጤና! ስማኝማ፣ ላም ቀኑን ሙሉ ስትሄድ ነው የምትውለው። ከስታ አይተህ ታውቃለህ?»

«ላም ሣር ነዋ የምትበላው።»

«አየህ! ሣር እየበላችም አልከሳችም!»

ከዛሬ ጀምሮ ስሜ «ማራቶን» ሆኗል።

ዓርብ፣ በጥድፊያ

ዝናብ። ሄድኩ። ጫማዬ ውሃ ጠጣ። ባቴ እንጨት ሆኗል። የአንዲት ደንበኛዬን ጃኬት ለነገ ብዬ ምዬላታለሁ፣ እጅጌው ገና ነው። ግን ሄድኩ። ተመስገን።

እሁድ

ግራጫ ሱሪ አለኝ። ለራሴ ብዬ የሰፋሁት፣ ሳልጠግበው የጠበበኝ። ዛሬ ትንፋሼን ይዤ፣ ሆዴን ስቤ፣ ባለቤቴ እየሳቀች ከኋላ ስትገፋኝ ነው ቁልፉ የገባው። እንግዲህ በየእሁዱ እለብሰዋለሁ። ሲላላልኝ፣ ያኔ ለሐኪሟ ደርሻለሁ ማለት ነው።

ሜትር አንገትህ ላይ ተንጠልጥሎ እየዋለ ለምን አትለካም የሚል ቢኖር፣ ሙያ ያስተማሩኝ ሽማግሌ «ራሱን የሚለካ ልብስ ሰፊ ሆዱን ስቦ ሜትሩን ያስዋሻል» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ባለቤቴን ለኪኝ ብላት «እጄ ሥራ ይዟል፤ ሱሪው ይንገርህ» አለችኝ። ይሁን። ሱሪ አይዋሽም።

ሐሙስ ከሰዓት

እህቴ ጋ ነበርኩ። አልጋው ላይ ሆና ደሟ በቱቦ እየወጣ እየገባ፣ እሷ እኔን ታርማለች። የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ ብትታመምም ማረም አልተወችም።

«ጋሼ፣ እስቲ ዞር በልልኝ። ጉንጭ፣ ጥሩ። ሆድ፣ ይሻሻል። ጠባይ፣ ወላጅ ይዞ ይምጣ።»

አጠገቧ የተኙት ሴትዮ በሳቅ ፈረሱ። ልወጣ ስል እጄን ያዘችኝና «ባይሆንም እኮ አልቀየምህም» አለችኝ። እንዳልሰማ ሆንኩ። ብርድ ልብሷን ሳብ አድርጌላት ወጣሁ።

ባለቤቴ ሾርባ ሠርታ እስከ ሆስፒታሉ በር አብራኝ መጥታ ነበር። እንደ ልማዷ ሾርባውን አስይዛኝ ውጭ ጠበቀችኝ። አባቷ ከሞቱ ወዲህ የሆስፒታል ሽታ አይስማማትም።

እሁድ

ሱሪው ያው ነው። ቁልፉ በስንት ልመና ገባ። ገና ነዋ! በአንድ ቀን የተሰፋ ኮት አለ እንዴ?

ረቡዕ ጠዋት

ከሥራ በፊት እጽፋለሁ፤ ልቤ ሞልቷልና። ይህን ሰፈር ስንት ዘመን ኖሬበት ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ በየጠዋቱ ወፎች ያበላሉ። ዛሬ «ዛሬ ዘገየህ!» ብለው ተቆጡኝ። የማያውቁኝ ሰው ሲቆጡኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! አንድ ሰው መንገድ ላይ ይጠብቀኛል ማለት ነው።

ድልድዩን አልፌ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ ቆሜ ሳልተነፍስ ተመለስኩ። ድሮ የሱቄን ደረጃ ስወጣ ደንበኞቼ ውሃ ያቀርቡልኝ ነበር። ባለቤቴም «ማንኮራፋቱን ተውክ እኮ፣ ሞትክ ወይ ብዬ ነው የምነቃው» አለችኝ። ምግቤ ውስጥ ጨው የለም፣ ቅባት የለም፤ የታመመ ሰው ምግብ ታበላኛለች፣ ግን በእጇ ሲሆን ይጣፍጣል። እግሬን ተመስገን፣ እሷን ተመስገን።

ቅዳሜ

ስተኩስ ቀለበቴ ከጣቴ ወልቆ ካውያው ሥር ገባ። ድሮ በሳሙና እንኳ እሺ አይልም ነበር። «ወርቅም ይሰፋል እንዴ?» ብዬ ሳቅሁ። ባለቤቴ አልሳቀችም። አንስታ ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ክር ጠመጠመችበትና ራሷ ጣቴ ላይ መለሰችው። እጇ ቀዝቅዞ ነበር።

እሁድ

ያው! ያው! እንዲያውም የባሰ መሰለኝ።

ጸጉር አስተካካዩ «ታጥቦ ተኮማትሮ ይሆናል» አለኝ። እውነት ነው፣ ባለቤቴ በየሳምንቱ ታጥበዋለች፤ ለእሁድ ንጹህ ይሁንልህ ትላለች። ግን ይህን ጨርቅ ሳልቆርጠው በፊት እኔው ራሴ ነክሬ፣ አድርቄ፣ ተኩሼዋለሁ። የሚኮማተረውን ያህል ያኔውኑ ተኮማትሯል። በሙያዬ አትምጣብኝ አልኩት። ጨርቁ ደህና ነው። ያልደረሰው ሆዴ ነው።

ማክሰኞ

እራት ተውኩ። ቁርስም ተውኩ። ዳገቱ ላይ ዓይኔ ጨለመብኝና የሰው አጥር ይዤ ቆምኩ። ባለቤቴ ስትሰማ ጮኸችብኝ፦ «ሂድ አሉህ እንጂ ሙት አሉህ?» ሰሃኑን ፊቴ አስቀምጣ እስክጨርስ እላዬ ላይ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርት ስትከትፍ ነበር።

እሁድ ማታ

በቃኝ። ዛሬ ቁልፉ ጭራሽ አልገባም። ይህን ሁሉ መንገድ፣ ይህን ሁሉ ጭቃ፣ ምን አመጣሁ? ላሚቱ ልክ ነበረች። መሄድ ለጫማ ሠሪ እንጂ ለሰው አይጠቅምም። ዝናቡ እየቀለለ ነው፤ በዚህ ሳምንት ሁለት ቀን ፀሐይ ወጣ። ሰው ሁሉ በፀሐይ ሲደሰት እኔ ልቤ ይወርዳል። እህቴ የምትጠብቀው ነገር እዚህ እኔ ሆድ ውስጥ ተቀምጧል፣ እኔም የምሰጣት መንገድ አጣሁ።

ባለቤቴን «አልሆነም እኮ» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ተኝታ ነበር። «የሞከርከውን እሷም ታውቃለች» አለችኝ ቀስ ብላ። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ሳዝን አብራ የምታዝን ሚስት ሰጠኝ፤ ይኸም እኮ ቀላል አይደለም።

ዓርብ

ሳምንቱን ሙሉ አልሄድኩም። ለእህቴ ልነግራት ሄድኩ። ከእጥበት ወጥታ ግድግዳ ይዛ ቆማለች፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«አልከሳሁም። መሄዱንም ትቼዋለሁ» አልኳት።

ክንዷን ክንዴ ውስጥ አስገባች። «እኔ እስከ አውቶቡሱ ልሂድ ነው። ባትከሳም አብረኸኝ ሂድ።»

ሄድን። ሦስት ጊዜ ቆመን አረፍን። የመንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ስትመጣ ከሩቅ አረማመድህን አይቼ ነው የምስቀው» አለች። «ድሮ እንደ ቁም ሣጥን እየተንገዳገድክ ትመጣ ነበር። አሁን ሰው ትመስላለህ። ይኸን ማን ሰጠህ?» አሳቀችኝም፣ አስለቀሰችኝም። ነገ እሄዳለሁ። ለሱሪው ሳይሆን ለእሷ።

ሰኞ ማታ

መጻፍ አለብኝ።

ጠዋት ሄጄ ተመለስኩ። ያን ሱሪ ዳግም ላየው ስላልፈለግሁ፣ አስፍቼ ለጸጉር አስተካካዩ ልሰጠው ወሰንኩ። ባለቤቴ ገበያ ነበረች። ምን ያህል ትርፍ ጨርቅ እንዳለው ለማየት ገለበጥኩት።

የኋላው ስፌት የእኔ አይደለም። የእኔ ስፌት ተተርትሮ የመርፌው ቀዳዳ ብቻ በሰልፍ ቀርቷል። ከእሱ ወደ ውስጥ ሌላ ሰልፍ። ከዚያ ሌላ። እንደገና ሌላ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ተተርትሮ ትንሽ ትንሽ ጠብቧል። የመጨረሻው በእጅ የተሰፋ ነው፤ ወደ ግራ ያዘነብላል።

መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ሱሪውን እንደያዝኩ እስከ በሩ ሄድኩ፤ ስትገባ ልጠይቃት፣ እህቴን ልትገድይ ነው ወይ ልላት። ከዚያ ቀለበቱ ትዝ አለኝ። ቀይ ዓይኗ ትዝ አለኝ። «ሱሪው ይንገርህ» ነው እኮ ያለችኝ፤ በአፏ አልዋሸችኝም፤ አፏ እምቢ ብሏት ነው።

አባቷ ለትንሽ ቀዶ ጥገና ብለው በእግራቸው ነው ሆስፒታል የገቡት። ጫማቸውን «ያዥልኝ» ብለው ለእሷ ሰጧት። በቃሬዛ ወጡ። ጫማውን እንዳቀፈች በሩ ላይ ቀረች። ይህን ገና ሳንጋባ የማውቀው ነገር ነው። ታዲያ እስከ ዛሬ የሆስፒታል ሽታ ነው ስል የኖርኩት ምን ነክቶኝ ነው? ባልሽ እንዳይቆረጥ ብለሽ እህቱን አሳልፈሽ ስጪ አይባል፤ እህቱ ትዳን ብለሽ ባልሽን ስጪ አይባል። ይኸን ለማን ትናገረው? ለሱሪው ተናገረችው።

ሱሪውን መልሼ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ለጸጉር አስተካካዩ ሌላ እሰፋለታለሁ።

ረቡዕ

አልተናገርኩም። ጠዋት ጫማዬን ሳስር «ዛሬ አብረሽኝ ውጪ» አልኳት።

«ሥራውስ?»

«ሥራ የትም አይሄድም። ለዚህ ነው እኛ የምንሄደው።»

ሳቀች። ወጣን። መሄድ አንድ ጥበብ አለው፤ ፊት ለፊት ተያይቶ የማይወጣ ነገር ጎን ለጎን ሲሄዱ ይወጣል። ድልድዩ ላይ ስንደርስ፣ መንገዱን እያየች «አባዬ ያን ጠዋት ሲሄድ እየቀለደ ነበር» አለች። ከዚያ የዚያን ቀኑን ሁሉ ነገረችኝ። የጫማውን ቁጥር ሳይቀር። እኔ እርምጃዬን በእርምጃዋ ልክ አደረግሁ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆመች።

«እፈራለሁ» አለችኝ።

«እኔም እፈራለሁ» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ለራሴም ያን ጊዜ ነው የነገርኩት።

«እሷንም እኮ እወዳታለሁ። ሾርባውን ስሠራ በቃ አልቅሼ ነው የምሠራው።»

«አውቃለሁ።»

አየችኝ። ስለ ሱሪው ማወቄን ያወቀች ይመስለኛል። ሽማግሌው ከፎቁ ላይ «ዛሬ ደግሞ ሁለት ሆናችሁ!» ብለው ጮኹ። እጅ ነሳናቸው።

እሁድ

ሱሪውን ከምስማሩ አውርጄ ለበስኩት። ቁልፉን ቆልፌ እጄን ለቀቅኩ። እግሬ ሥር ወደቀ!

እኔ በሙታንታ፣ ሱሪው ቁርጭምጭሚቴ ላይ፣ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አፏን ይዛለች። ሁሉንም ተርትራ መልሳዋለች፤ እንደ መጀመሪያው፣ እንደ እኔ ስፌት። ልናገር ብል ሳቅ ቀደመኝ። እሷም ሳቀች፣ ሳቋ መሀል ላይ ልቅሶ ሆነ። ሱሪውን ሳላነሳ እንደዚያው እየተጎተትኩ ሄጄ አቀፍኳት። ይቅርታውም፣ ምስጋናውም እዚያው አለቀ።

ማክሰኞ

ሐኪሟ ለካች። ደግማ ለካች። መነጽሯን ግን አላወለቀችም!

«ክብደትህ ወርዷል። እንደው ተአምር አይደለም፤ ግን ይበቃኛል። የገረመኝ ግፊትህ ነው። ልብህም ደህና ነው።»

«መሄዱ ነው?» አልኳት፤ ለላሚቱ መልስ ይዤ ልመለስ ፈልጌ።

«መሄድ ልብህን ያጠነክራል፣ ግፊትህን ያወርዳል፣ እንቅልፍህን ያስተካክላል። ብቻውን ግን ያን ያህል አያከሳም። ሰሃንህን የቀነሰልህ፣ ጨውህን ያወጣልህ ሰው አለ። ማን ነው?»

«ባለቤቴ ናት» አልኩ። በአንድ እጇ ሱሪዬን ስታጠብብኝ፣ በሌላው ስታከሳኝ ከርማለች። ጤናዬን ትፈልጋለች፤ ቢላውን ነው የፈራችው።

ለጸጉር አስተካካዩ ሁሉንም ነገርኩት። አስቦ አስቦ «አየህ፣ ላሚቱ ሰሃኗን የምትቀንስላት ሚስት የላትም» አለኝ። ነገ ጠዋት አብሬህ ልውጣ ብሏል።

ሐሙስ ጠዋት፣ በችኮላ

ዛሬ እንገባለን። እኔና እህቴ። እስከ ሆስፒታሉ በእግሬ ሄድኩ፣ ባለቤቴ ከጎኔ። በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። ዓይኗ ጫማዬ ላይ ነበር። «ጫማዬን አልሰጥሽም» አልኳት። ተናደደች፣ ሳቀች፣ ክንዴን ያዘች። ገባች! አብራኝ ገባች። ጠርተውኛል።

ቀኑ ጠፍቶኛል

አለሁ። ጎኔ ያመኛል፣ ስስል ነፍሴ ትወጣለች፣ ግን አለሁ። ነርሷ «ተነስና ትንሽ ሂድ» ስትለኝ በሳቅ ልፈነዳ ነበር፤ ስፌቴ አልፈቀደልኝም። ለካ እዚህም መድኃኒቱ ያው ነው። ባለቤቴ ደግፋኝ ኮሪደሩን ይዘን፣ ግድግዳ ግድግዳውን እስከ እህቴ ክፍል ደረስን።

ከሩቅ አይታን፣ «ጋሼ! ሸናሁ እኮ!» ብላ ጮኸች።

ክፍሉ በሙሉ እልል አለ። እንዲህ ያለ ወሬ እልል ሲባልለት አይቼ አላውቅም። ከንፈሯ ቀልቷል። ባለቤቴን አስጎንብሳ ግንባሯን ሳመችና «ለአንቺ በጣም ጥሩ» አለቻት። ምን ያህል እንደምታውቅ አልጠየቅኋትም።

ሰኞ

ወደ ቤት። እህቴ ትንሽ ትቆያለች፤ ደህና ናት፤ ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን። ባለቤቴ ግራጫውን ሱሪ ይዛልኝ መጣች። ወገቡን አጥብባዋለች፤ አሁን በልኬ ነው። ስፌቱ ወደ ግራ ያዘነብላል። ከአሁን በኋላ እንዲሁ ይኑር።

ነርሷ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች መጣች። ደንቡ ነው፣ እስከ መኪናው በዚህ ነው የሚወጣው አለች። ባለቤቴ ወንበሩ ፊት ቆመች።

«ግድ የለም እህት፣ ይቅርብን» አለች። «ይህን ሰው እዚህ ያመጣሁት በእግሩ ነው። ከዚህ በር በእግሩ ነው የሚወጣልኝ።»

ነርሷ እኔን አየችኝ። እኔ ባለቤቴን አየሁ። ጎንበስ ብላ የጫማዬን ክር አሰረችልኝ፣ ክንዷን ሰጠችኝ፣ ቀስ እያልን ወጣን።